ለቅሶ የሚሄደው ባትሪ

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሽ ፍቅረማርያም፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎት ነበር። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም እንደ በፊቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሡትን ፎርክሊፍቶች ባትሪ ስፈትሽ፣ ስሞላና ስጠግን እውላለሁ።

ጋሼ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ማታ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ሪፒተርዎ ጠፍቶብኛል። ከሥራ ወጥቼ፣ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ የእናንተን አንድ ሰዓት ስጠብቅ ዝም አለ። መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እዚያ መብራት ሲጠፋ እኔ አባቴ ነው የሚጠፋብኝ።

እርስዎ ያውቁታል። እማዬ ከተቀበረች ዓመት ከስድስት ወር ሆናት፤ አባዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ስደውል «ሃሎ» ይላል፣ ድምፄን ሲለይ ይዘጋል። ለቀብሯ ባለመድረሴ፣ ለዐርባዋም ባለመምጣቴ እንደተቀየመኝ አውቃለሁ። በሬዲዮ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። «ዓለም ባንክ ዳመና ነው፣ ንፋስ የለም» ብሎ ሲጀምር፣ ከጦር ኃይሎች ከሚገባው ከሰይፈዲን ጋር ስለ አንቴና ሲከራከር፣ ሲስቅ እንኳ ሰምቼዋለሁ። እኔም እዚህ ፈተና ተፈትኜ የሬዲዮ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ በኢንተርኔት ባገናኙልኝ መስመር መናገርም እችላለሁ። እስከ ዛሬ ግን አዳምጣለሁ እንጂ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ኅዳር ሰባት የእማዬ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ያን ማታ አባዬን በሬዲዮ ልጠራው ቆርጫለሁ። ለአዲስ ገቢዎች «የተጠራ ይመልሳል፣ የጠራህ ጠላትህም ቢሆን» እያለ ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ። ስልክ ይዘጋብኛል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ በጥሪ ምልክቱ፣ በሬዲዮ ስሙ፣ ስጠራው ግን ዝም አይለኝም ብዬ አስባለሁ። ሌላ መንገድ የለኝም።

ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ቢያንስ አሥር ሰዓት የሚይዝ መጠባበቂያ እስከ ኅዳር መዘጋጀት አለበት። አሁን ያለው ባትሪ ምን ዓይነት ነው? ስንት ዓመቱ ነው? በምንድን ነው የሚሞላው? እባክዎ በዝርዝር ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ ራኬብ



ቀራንዮ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተወደድሽ የእህቴ የአስካለ ልጅ ራኬብ፣

ሰላምታዬ እንደ ሰኔ ዝናብ ይብዛልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ቀራንዮ መድኃኔዓለም በሄድሽበት ይከተልሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ።

ምነው ዘገየ አትበይኝ። በእጄ ካልጻፍኩ የጻፍኩ አይመስለኝም፤ ስካን አድርጎ የሚልክልኝ ደግሞ ጦር ኃይሎች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ «መብራት የለም አባባ» ተብዬ ተመለስኩ። ባትሪ የሚያስፈልገው ለሪፒተር ብቻ አይደለም።

የዕድራችን ሰዎች ጣራዬ ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል እያዩ «ጋሽ ፍቅሬ፣ እዚያ ምን ደብቀሃል?» ይሉኛል። «የገደል ማሚቶ» እላቸዋለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ጋርዶት ከዓለም ባንክ ተዳክሞ የሚመጣውን የአባትሽን ድምፅ ተቀብላ፣ ጉልበት ጨምራ ለሁሉም የምትለቅ ሳጥን ናት ብል ማን ያምነኛል?

ባትሪዋ የአይሱዙ ናት፣ ሦስት ዓመቷ ነው። መብራት ሲጠፋ ሃያ ደቂቃ ትይዛለች፣ ከዚያ ታንቀላፋለች። አንቺ ግን ባትሪ ልታስተምሪኝ አትሞክሪ። ቴሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ባትሪ ክፍል ውስጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው።

አባትሽ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ማታ ማታ ሬዲዮውን ይከፍታል። ከለቅሶው በኋላ ከሰው እንዳይርቅ ብዬ ሬዲዮ ያስያዝኩት እኔ አይደለሁ? ስላንቺ አያነሣም፤ እኔም አላነሣበትም። በሬዲዮ መጥራቱን ግን ደግመሽ አስቢበት። ሰው ሁሉ ይሰማል። የቤት ነገር በቤት ይሻላል።

አጎትሽ ፍቅረማርያም



ላይፕዚግ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ፍቅረማርያም፣

ጤናዎን እየለመንኩ ነው የምጽፈው። ባትሪ ክፍል ውስጥ እንደሸበቱ አውቃለሁ፣ አልደፍርዎትም። ግን ጋሼ፣ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ እያለ ለሰዓታት ለመስጠት አልተሠራም። ይህን ከእኔ በፊት እርስዎ ያውቁታል፤ ታዲያ ለምን አይሱዙ ላይ ተቀመጡ?

የሶላር ባትሪ ይግዙ፤ ገንዘቡን ልኬያለሁ። ከባትሪው ሲወጣ ፊውዝ ይኑረው። ቻርጀሩ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ይሁን። ከሁሉም በላይ ከአሥራ ሁለት ቮልት በታች እንዳይወርድ፤ ከዚያ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ነው የሚቆረጠው።

ስለ ቤት ነገር በቤት ያሉኝን አንብቤዋለሁ። ቤቱ በሩን ዘግቶብኛል፣ ጋሼ። በየትኛው በር ልግባ?

ልጅዎ ራኬብ



ቀራንዮ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ራኬብ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞሽ ይሆን ልበል? ለካ እናንተ ጋ አሁን በጋ ነው። እግዚአብሔር በሁለቱም ይጠብቅሽ።

ባትሪው ተገዝቷል። ጦር ኃይሎች ከኢብራር ሱቅ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ከእርስዎ በኋላም ይኖራል» ብሎ ሸጠልኝ፤ ምርቃት ይሁን ስድብ አልገባኝም። ሁለት ሰው ተሸክሞ ጣራ ላይ አወጣልኝ። ፊውዙን አስገባሁ፣ ቻርጀሩን አሠርኩ፣ መስመርሽን ከሬዲዮዋ ጋር የምታገናኘውን ትንሿን ኮምፒውተርም እዚያው ላይ ቀጠልኩልሽ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ እስኪነጋ ሠራች። አባትሽ «ፍቅሬ፣ ዛሬ ጀነሬተር ገዛህ እንዴ?» ብሎ ቀለደ።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በዐሥረኛው ቀን የጎረቤታችን የእሙ እናት አረፉ። ዝናቡን ምን ልበልሽ፣ ከላይ ቧንቧ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ድንኳን ተተከለ፣ መብራት ጠፋ፣ ለቀስተኛው በጨለማ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። የዕድሩ ሰዎች መጥተው «ዳኛ፣ ላይ ባትሪ አለ ተብሏል» አሉኝ። የዕድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። የዕድሩም ዕቃ ቤት እኔ ግቢ ነው፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው። ሙሉ ዕቃ አውጥቼ ሰጥቼ ለባትሪ እምቢ ልበል?

ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ሠራ። አምፖልም፣ ድምፅ ማጉያም፣ ስልክ መሙያም ሆነ። ሲመለስ ዐሥር ቮልት ነበር።

አጎትሽ ፍቅረማርያም



ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ፍቅረማርያም፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ።

የእሙን እናት ነፍስ ይማር። ግን ያ ባትሪ ለአንድ ነገር ነው የተገዛው፣ እርስዎም ያውቁታል። ዐሥር ቮልት! እኔ እዚህ አንድ የፎርክሊፍት ባትሪ እንዲህ አድርጌ ባስረክብ ነገ ሥራ አልገባም። ሦስት ቀን ስልክ መሙያ! ለለቀስተኛ ብርሃን እሺ፣ ግን ለቀስተኛው ስልኩን እቤቱ ሞልቶ አይመጣም?

ለመሆኑ ቀራንዮ ውስጥ በወር ስንት ሰው ይሞታል? እስከ ኅዳር ስንት ድንኳን ይተከላል? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። የጣራውን ክፍል ይቆልፉት። «የእኔ አይደለም፣ የእህቴ ልጅ ነው» ይበሏቸው። ዳኛ ከሆኑ ይፍረዱ።

ራኬብ



ቀራንዮ፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራኬብ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ለመመለስ ወር ከምናምን የፈጀብኝ በፎቶ ኮፒ ቤቱ አይደለም። ተናድጄ ነው።

«ይቆልፉት» አልሽኝ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሜ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እያንቀጫቀጭኩ «የለም» ልበል? በነሐሴ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፣ ልንገርሽ። እዚህ ሰው ሲሞት የእኔ ያንተ የለም። አንቺ ለቅሶ አታውቂምና አልፈርድብሽም።

ይህን ቃል ከጻፍኩት በኋላ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ደብዳቤውን እንደ አዲስ መገልበጥ ታክቶኝ ተውኩት። ይቅር በይኝ።

አባትሽ ባለፈው «ከጀርመን በኢንተርኔት የሚገባው ሰው ማነው? ሁልጊዜ አለ፣ ግን አይናገርም» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድ አድማጭ ነው» አልኩት። ራኬብ፣ ለዚህ ኅዳር ይቅርብሽ። ነገር ሲበርድ ይሻላል። ባትሪውም እንደሆነ እንደ ድሮው አይይዝም።

አጎትሽ



ላይፕዚግ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ፍቅረማርያም፣

እንኳን አብሮ አደረሰን።

ለቅሶ አታውቂም ላሉኝ፣ እውነትዎን ነው፣ አላውቅም። ማን አሳወቀኝ? እማዬ ኅዳር ሰባት አረፈች። በስምንት ስደውልላት ስልኳን ያነሡት እርስዎ ነበሩ። «ጠበል ሄዳለች» አሉኝ። በዐሥርም «ጠበል ናት» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እናቴን ጠበል አስቀምጠው እኔ እዚህ ለፈተናዬ ሳጠና፣ «ስትመለስ እነግራታለሁ» እያልኩ ስደሰት ነበር። የነገሩኝ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው፣ በስልክ፣ ፈተናዬን በጨረስኩበት ማታ። «ብቻሽን ነሽ፣ የሚይዝሽ ሰው የለም፣ ፈተናም ላይ ነሽ ብዬ ነው» አሉኝ። የእኛ ሰው ደንብ ነው፣ ባዕድ አገር ላለ ሰው መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ አልተጣላሁዎትም። አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁብዎትም።

የማይገባኝ አባዬ ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን የሰማች ልጅ ቀብር ልትደርስ እንደማትችል አያውቅም? የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ሆኖ ለዐርባዋ አለመምጣቴ ብቻ ነው ሁለት ዓመት የሚያስቀይመው? ይህን አንድ ጊዜ ጠይቀውልኝ ያውቃሉ? እባክዎ ይመልሱልኝ።

ለዕድሩ አራት የሶላር ፋኖስ በመንገደኛ ልኬያለሁ። ቀን ፀሐይ ላይ ይሞላሉ፣ ማታ ድንኳን ያበራሉ። እንግዲህ ባትሪዬን ይተዉልኝ። አብሮት ሁለት ትንንሽ ዕቃ አለ፦ አንዱ ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ሲደርስ ራሱ የሚቆርጥ፣ ሌላው ቮልቱን እኔ እዚህ ሆኜ እንዳየው የሚልክ። ባትሪውም ገና ሁለት ዓመት ይሠራል፣ አያለቅሱበት።

ራኬብ



ቀራንዮ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ራኬብ፣

ዕቃው ደርሷል፣ እጅሽ አይንጠፍ። ፋኖሶቹን ዕድሩ ወዷቸዋል፤ ሁለት አዛውንት «ይህችን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው መርቀውሻል። የላክሻቸውን ሁለቱንም ዕቃዎች ገጥሜያለሁ። ትናንት ሆን ብዬ መብራቱን ቆርጬ ሞከርኩት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አራት ሰዓት ይዞ ቀጥ አለ።

ጥያቄሽን አልመለስኩልሽም። አውቃለሁ።

ፍቅረማርያም



ላይፕዚግ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ፍቅረማርያም፣

ትናንት የሆነውን ልንገርዎት፣ የማያውቁት እንደሆነ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀራንዮ መብራት ጠፋ። ቻርጀሩ ሲቆም ከዚህ አየሁት፤ ባትሪው ተረከበ፣ ምንም አልሆነም። ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ላይ አባዬ ገባ፤ «ዛሬ የአስካለ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፣ ብዙ አልቆይም» አለ። ሰይፈዲን ነፍስ ይማር አለው። እኔ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። የጥሪ ምልክቱን ጠራሁ፣ የራሴን ተናገርኩ። ከዚያ «አባዬ» አልኩ።

ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር።

ኢንተርኔት ነው ብዬ ለሰይፈዲን ደወልኩለት። ሪፒተሩ ለሁሉም እንደጠፋ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ሲጠብቁት እንዳልተመለሰ ነገረኝ። ከመጥፋቱ በፊት መጨረሻ የላከልኝ ቁጥር አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት ነው። ሥራዬ ይህ ነው፣ ጋሼ፣ እንጀራዬ ነው። ባትሪ ሲደክም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከአሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት በአንድ ጊዜ አይሞትም። ፊውዙ ቢቃጠል ኖሮ እርስዎ በአምስት ደቂቃ ይቀይሩት ነበር።

ሽቦ ነው የተነቀለው። የዚያ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው።

ለምን?

ራኬብ



ቀራንዮ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣

እኔ ነኝ የነቀልኩት። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

እናትሽ ያረፈች ቀን መርዶሽን የማድረሱ ነገር ለእኔ ተሰጠ። ሐዘንተኛ አባት ልጁን አያረዳም። ሄዶ የሚነግርሽ የአገር ሰው ላይፕዚግ ውስጥ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ቀብር ላይ አስከሬኑ ሲወርድ አባትሽ ዞር ብሎ «ነገርካት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። የዕድሩ ዳኛ ነኝ፣ የሌላውን ለቅሶ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እህቴን ልጅ መርዶ አላደረስኩም ማለት አፈርኩ። «ነገርኳት» አልኩት። ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ማታ አልቻልኩም፣ በማግስቱም አልቻልኩም፣ ፈተናሽ ደረሰ። በሰልስቱ «ምን አለች? ትመጣለች?» ሲለኝ «አይመቸኝም ብላለች» አልኩት። ይህን አልኩ፣ ራኬብ። በዚህ እጄ ጻፍኩት፣ አንብቢው።

አባትሽ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነበር። በዚያኑ ቀን እንደሰማሽና መምጣት እንዳልፈለግሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው በሬዲዮ ስሙን እየጠራሁ ይህን ይዤ ተኛሁ።

ባትሪው ለለቅሶ የወጣው እውነት ነው፤ እምቢ ማለት ግን እችል ነበር። ሲወጣ እፎይ እል ነበር። አንቺ ፋኖስ ልከሽ ያን ምክንያት ነጠቅሽኝ። ኅዳር ሰባት ማታ እዚያች ክፍል ቆሜ ነበር። «አባዬ» ስትዪ፣ እሱ «ለምን ቀረሽ?» ሊልሽ ነው፣ አንቺም ልትመልሺለት ነው፣ አገር ሁሉ ሊሰማ ነው ብዬ እጄ ሄደ።

ደብዳቤሽን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ወደ ቤት አልተመለስኩም፤ ከጦር ኃይሎች በታክሲ ቀጥታ ዓለም ባንክ ሄድኩ። ለአባትሽ ቆሜ ነገርኩት፣ ተቀመጥ አላለኝም።

«በዐሥራ አንደኛው ቀን?» አለኝ።

«በዐሥራ አንደኛው።»

«በዐሥራ ሁለተኛው ደውላልኛለች። እያለቀሰች። የማስመሰል ለቅሶ መስሎኝ ዘጋሁባት» አለ።

ሌላ ብዙ ነገር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ትግባ፣ የምነግራት አለኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ስልኩን ላቀብለው ብል «በስልክ አይሆንም፣ እጄ መዝጋት ለምዷል» አለኝ።

ሽቦውን መልሻለሁ። የክፍሉን ቁልፍ ለሰይፈዲን ሰጥቼ ቅዳሜ እሱ እንዲቀመጥበት ጠይቄዋለሁ። እኔ አልገባም። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም።

ፍቅረማርያም



ላይፕዚግ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ፍቅረማርያም፣

ጤና ይስጥልኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። በዚህ ቤት ውሸቱ ይብቃ። ሁለት ዓመት አባቴን ነጥቀውኛል፤ እሱ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሁለት ዓመት ከየት ያመጣል? ደብዳቤዎን በወረቀት አትሜ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ በአራተኛው ቀደድኩት፣ ከዚያ በፕላስተር ለጠፍኩት። አንድ ቀን ይቅር እልዎት ይሆናል። ዛሬ አይደለም።

የምጽፍልዎት ስላልነበሩ ነው። ሰው የቀረበትን ለቅሶ እንዴት እንደነበር መጠየቁ አይቀርምና ልንገርዎት።

ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ነበር። ባትሪው ሠራ። አባዬ ሰዓቱ እንደደረሰ ገባ፤ የአየሩን ሁኔታ አልተናገረም። የጥሪ ምልክቴን ጠራ። መለስኩለት። «አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ተቀመጪ» አለኝ። ተቀምጬ ነበር፣ ግን ተነሥቼ እንደገና ተቀመጥኩ።

«ራኬብ ልጄ፣ እናትሽ አስካለ አርፋለች» አለ። «ኅዳር ሰባት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በቀን ብርሃን። ሕመሙ አላንገላታትም። ጠዋት ገንፎ ቀምሳለች። ስምሽን ጠርታለች፣ ‹ፈተናዋ መቼ ነው?› ብላለች። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ግቢ ነው ያረፈችው፣ ሰው በጣም ነበረ፣ በደንብ ተቀብራለች። አንቺ አልነበርሽም፣ ምክንያቱም አልነገርንሽም። በአንቺ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ዘጋሁብሽ።»

የመናገሪያውን ቁልፍ አልተጫንኩም፣ ለቅሶዬን ማንም አልሰማም። እሱ ጠበቀ። መስመሩ ላይ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው አልተናገረም። በመጨረሻ «ሰምቻለሁ» አልኩ። ያኔ ተራ በተራ ገቡ። ሰይፈዲን ከእርስዎ ጣራ ላይ ሆኖ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ፣ በስሜ እየጠሩ፣ አንዳንዱን በድምፅ እንጂ አላውቀውም። የእርስዎን ድምፅም ጠበቅኩ። ለምን እንደጠበቅኩ አላውቅም።

አባዬ ከሁሉም በኋላ «ሦስት ቀን ተቀመጪ፣ ደንቡ ነው፣ እኔም እዚህ እቀመጣለሁ፣ ማታ ማታ እንገናኛለን» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን ደውዬ ለአለቃዬ እናቴ ሞታብኛለችና ሦስት ቀን ስጠኝ አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ በጣም አዘነልኝ። መቼ እንዳረፈች ጠየቀኝ። ቅዳሜ ማታ አልኩት።

ራኬብ